ውሃን የመያዝ ጥበብ፦ ከጎንደር ጥምቀተ ባሕር እስከ አል ጁርፍ ገንዳ

በአጅማን ከተማ፣ አል ጁርፍ በሚባለው ሰፈር፣ መጋዘንና ጋራዥ ከአዳዲስ ቪላዎች ጋር በተጎራበቱበት ስፍራ፣ በግቢው መዋኛ ገንዳ፣ በጎኑም ጃኩዚ ያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው፣ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው በሄዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውሃው ሲጎድል፣ ልስኑ ነጭ ዱቄት ሲያወጣ፣ ፓምፑም አየር እየሳበ ሲያጓራ ማየት ነው። በዱባይና በሸርጃም ነገሩ ያው ነው። ይህ ሁሉ የዘመናችን ጣጣ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ውሃን በሰው እጅ በታነጸ ዕቃ ውስጥ ማቆየት ጥንታውያኑን ጠቢባን ሁሉ ያስጨነቀ ሥራ ስለ ነበረ፣ የዛሬውን ብልሽት ምንጭ ከማንም ይልቅ የሚያስረዱን እነርሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ፣ በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ በሞሄንጆ ዳሮ የተሠራው ታላቁ መታጠቢያ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ሲሆን፣ ግንበኞቹ ጡቡን በጂፕሰም ካያያዙ በኋላ ከግንቡ በስተጀርባ ሬንጅ ደርበውበታል። ጡብ ብቻውን ውሃ እንደማይዝ፣ ማያያዣውም ብቻውን እንደማይበቃ፣ አንዱ ቢከዳ ሁለተኛው ሊቆም እንደሚገባው ያን ጊዜውኑ ተረድተው ነበር።

በኤሚሬቶቹ ምድር ደግሞ ችግሩ ከግንቡ ይልቅ ከፀሐዩ ነበር። በአል ዓይን አካባቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ዓመት ገደማ የተቆፈሩት ፈለጅ የሚባሉ የውሃ መንገዶች የመሬቱን ዝንባሌ እየተከተሉ ውሃውን ከመሬት በታች ወደ ተምር አትክልቱ የሚያደርሱት በፀሐይ ተኖ እንዳይጠፋ ጭምር ነው፤ ዩኔስኮም ይህን ጥበብ በ2020 (ዘመኑን በአውሮጳ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ የጎደለ ውሃ ሁሉ የፈሰሰ ውሃ አለመሆኑን ያ ሕዝብ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩት አፄ ፋሲለደስ እንዳሠሩት የሚነገረው ጥምቀተ ባሕር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ከእርሳቸው በፊት፣ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ከህንድ በመጣ ጠቢብ እንደ ተገኘ ኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል፤ የጎንደር አብያተ መንግሥትም የቆሙት በዚያ ኖራ ነው። ኖራ አየር እየሳበ ቀስ በቀስ የሚጠነክር፣ ወራትን የሚጠይቅ ነገር ነው። ጥምቀተ ባሕሩ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ ይከርምና፣ ለከተራ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የመጣ ውሃ ይሞላበታል፤ ታቦታቱም በዳርቻው አድረው፣ ካህናቱ ሲነጋ ጸሎቱን አድርሰው ውሃውን ሲባርኩት፣ ወጣቱ ከየግድግዳው ላይ እየዘለለ ይገባበታል። ደርቆ የከረመ ግንብ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ውሃ ሲሸከም ስንጥቁ ሁሉ ይገለጣል፤ የዋርካዎቹ ሥሮች በአጥሩ ድንጋይ መካከል እየገቡ ሲያቅፉትና ሲገፉት ለተመለከተ፣ ይህ ሕንፃ ከዓመት ዓመት ጠባቂ እጅ እንደሚሻ ግልጽ ነው።

የዛሬው ገንዳ ግን በኖራ ፈንታ በስሚንቶ፣ በወራት ፈንታ በቀናት ይሠራል። ስሚንቶ አብዛኛውን ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ያህል እንደሚፈልግ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ግን ይቸኩላል፣ ተቋራጩም ይቸኩላል። አዲሱ ልስን ውሃ ሲገባበት ስሚንቶው ራሱ ሲጠነክር የሚፈጥረው ኖራ እየሟሟ ይወጣና ውሃውን እንደ አመድ ውሃ ያደርገዋል፤ ጣት ሲያስነኩት እንደ ዱቄት የሚለጠፍበት ነጩ ነገር እርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልስኑን በየቀኑ በብሩሽ መፈተግና የውሃውን ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ልክ ውስጥ ለማቆየት አሲድ በመጠኑ መጨመር እንጂ፣ በክሎሪን ላይ ክሎሪን መድፋት አይፈውሰውም።

ውሃው ሲጎድል ደግሞ ግንቡን ከመስበር በፊት አንድ ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ፣ በባልዲው ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ ከውስጥ፣ የገንዳውንም ልክ ከውጭ በባልዲው ላይ በእርሳስ ማስመር፣ 24 ሰዓትም መጠበቅ ነው። ሁለቱ እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይ ነው፤ ገንዳው አብልጦ ከጎደለ ግን ቀዳዳ አለ። ፈተናው አንድ ጊዜ ፓምፑ እየሠራ፣ አንድ ጊዜም ቆሞ ይደረግ፦ ሲሠራ ጉድለቱ ከባሰ የሚያፈሰው ውሃውን የሚመልሰው ቧንቧ ነው፤ ቆሞም ሳለ ውሃው በአንድ ልክ ላይ ወርዶ ከቀረ፣ ቀዳዳውን በዚያው ከፍታ፣ በመብራቱ ዙሪያ ወይም ቅጠል በሚሰበስበው ሳጥንና በግንቡ መገጣጠሚያ መፈለግ ይገባል። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች የተጋጠሙበት ስፍራ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይከዳል።

ጃኩዚው የራሱ ታሪክ አለው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ውሃው ሲናወጥ ፈውስን ይጠባበቁ የነበሩትን ድውያን እናስታውሳለን፤ ከኢጣልያ ወደ ካሊፎርኒያ ከተሰደዱት የጃኩዚ ወንድማማቾች አንዱ፣ ካንዲዶ፣ መታጠቢያ ውስጥ ገብቶ ውሃውን የሚያናውጥ ፓምፕ የሠራው ገና በልጅነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ለያዘው ልጁ ሲል ነበር። ፓምፑ በ1956 ለገበያ ቀረበ፤ ገንዳውና ፓምፑ አንድ ሆነው የተሠሩት ግን በ1968 ነው። ጃኩዚ ከመነሻው የፓምፕ ሥራ ስለ ሆነ፣ አረፋው ከሚገባው በላይ ሲበዛ ወይም ፓምፑ ሲያጓራ፣ አየሩ የሚገባው ፓምፑ ውሃ በሚስብበት በኩል ነውና፣ አስቀድሞ የፓምፑን ክዳን የጎማ ቀለበትና የውሃውን ከፍታ ማየት ነው። ከፍ ብሎ የተሠራው ጃኩዚ ሌሊት ወደ ገንዳው ፈስሶ ካደረ ደግሞ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን ለጥገና ሲባል ገንዳውን በችኮላ ማድረቅ ነው። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ባሉ ብዙ ሰፈሮች ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ ለምድር ገጽ ቅርብ ስለ ሆነ፣ ባዶ የቀረው የኮንክሪት ገንዳ ከሥሩ ተገፍቶ ሊነሣና ከቧንቧዎቹ ጋር ሊሰበር ይችላል። በወለሉ ላይ የሚተከለው ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ መኖሩና መሥራቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ ከገንዳውም አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመሬቱ ውሃ ከገንዳው ወለል በታች እስኪወርድ ድረስ በፓምፕ ይሳብ፤ ከዚያ በፊት ከገንዳው ምንም ውሃ መቀዳት የለበትም።