መብራት የሄደበት ማታ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔም አልቸኩልም። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ አዳማን አልፋችሁ፣ የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ አቋርጣችሁ፣ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ አሰቦትን ከነተራራው ገዳም ትታችሁ ሚኤሶ ስትደርሱ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፤ ከዚያም መኪናው ዳገቱን ይይዛል፣ ከዚያም ጆሮ ድፍን ይላል፣ ከዚያም ቀዝቃዛ ነፋስ በመስኮት ይገባና ሰው ሁሉ ያወለቀውን መልሶ ይለብሳል። ያኔ ጭሮ ገባችሁ ማለት ነው። ታላላቆቻችን አሰበ ተፈሪ ይሏታል፤ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ በሁለቱም እጠራታለሁ።

ይህን የጨርጨርን አገር አንድ ዘመን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ከዚያም በፊት «ፋቡላ»ን፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር፣ የጻፉ ሰው። በዚያ ቴአትር አውሬዎች ሰው ሆነው ይናገሩ ነበር፤ ንግሥት ዘውዲቱም ነገሩ ወዴት እንደሚወረወር ገብቷቸው ከለከሉት። ይህን የማነሳው ከተማችን ከጥንትም ወግ በሚያውቅ ሰው እጅ እንደነበረች እንድታውቁልኝ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ጀግና የሚመጣልን በመኪና ነበር። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ረዳት ነበረና፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከመቀመጫው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ያወጣል፤ አንዳንዴ የማሞ ውድነህ የስለላ ታሪክ ነው፣ አንዳንዴ የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ግን መንደሩ ሙሉ ነበር፤ ስለዚህ አጎቴ በኩራዝ ብርሃን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሴቶቹ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ያዳምጣሉ፣ እኔም ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሰላዩ ድንበሩን እስኪሻገር ትንፋሼን እይዛለሁ። አጎቴ የንባቡን ለዛ የወሰደው ከሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ሰምቶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ መስጠት ተምሮ ነበር።

ከዚያም «ኦሮማይ» መጣ። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም እንደወጣ ቀረ። የእኛ ቅጂ ስትደርስ ሽፋኗ ተገንጥሏል፣ ዳሯ በእጅ ላብ ወይቧል። በዚያ ማታ አጎቴ መስኮቱን ዘጋ፣ ከዚያም በሩን ዘጋ፣ ከዚያም ኩራዙን ዝቅ አደረገ፣ ከዚያም በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አስመራ ይገባል፣ ፊያሜታን ያገኛል፣ ጦርነቱ ይመጣል። ድምፅ መቀያየር የለ፣ ጮክ ማለት የለ፤ ግን ከዚያ በኋላ በሕይወቴ እንደዚያ የሰማሁት ንባብ የለም። እናቴ እያነባች ኦቾሎኒውን መፈልፈሏን ረስታ፣ ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ ነጋ።

ዓመታት አለፉ፤ ኩራዙ በመብራት ተተካ፣ በመናኸሪያውም አካባቢ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ቀን የህንድ ፊልም፣ ማታ ሬስሊንግ። የጫት አይሱዙ ሾፌሮች፣ ከሂርናና ከበዴሳ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። ከታጋዮቹ አንደርቴከርን የማያውቅ አልነበረም። ደወሉ ሲመታ፣ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ በጭሱ መሀል ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፤ ለቀስተኛና ደወል የሚያውቅ ሕዝብ ነውና ያ አረማመድ ትርጉም አላስፈለገውም።

አሁን የምነግራችሁ የአንድ የክረምት ማታ ነገር ነው። የመጣው ካሴት በሰኔ 1990 ዓ.ም አሜሪካ፣ ፒትስበርግ የተደረገው ግጥሚያ ነበር፤ አንደርቴከርና ማንካይንድ፣ ፊቱን በቆዳ ጭንብል የሸፈነው ሰው፣ ጣራ ባለው የብረት አጥር ውስጥ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንካይንድ አጥሩን ይዞ ሽቅብ ወጣ፣ አንደርቴከር ተከተለው፣ ሁለቱም ጣራው ላይ ቆሙ፣ ከዚያም መብራት ሄደ።

ምን ያህል እንደተጮኸ አትጠይቁኝ። ጄኔሬተር የለም፤ አንዱ ገንዘቤን መልስ ይላል፣ ሌላው ክብሪት ይጭራል። ከበሩ ግድም ግን አንድ ቀጭን ድምፅ «እኔ ልንገራችሁ፣ ድሬዳዋ አይቼዋለሁ» አለ። የመግቢያ ስለሌለው ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ በመጋረጃው ቀዳዳ የሚያይ ሊስትሮ ነበር። ከፊታችን አመጡት፣ ሣጥኑ ላይ አቆሙት፣ ከዚያም ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ጀመረ። አጥሩን ከመስጊዱ ሚናራ አስበለጠው። ሰውየው ከላይ ተወርውሮ ጠረጴዛ ሰብሮ ሲወድቅ በሣጥኑ ላይ በእግሩ መታና ጓ! አደረገው፤ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ያ ረቢ!» ብለው ክንዴን ጨበጡ። ከዚያም በቃሬዛ ጫኑት፣ ከዚያም ከቃሬዛው ወረደ፣ ከዚያም ያንኑ አጥር እንደገና ወጣ፣ ከዚያም ጣራው ተከፍቶ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ጥርሱ ተሰበረ፣ ከዚያም ተነሳ። ልጁ እዚህ ላይ ቆመ። «ተነሳ» አለ፣ ዝም አለ፣ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

መብራቱ ዘግይቶ መጣ። ካሴቱ ካቆመበት ቀጠለ። ማንካይንድ በእርግጥም ከላይ ሲወረወር ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ልጁን ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ያ በልጁ ትረካ የወደድነው ማንካይንድ ተሸነፈ፤ ያን ጊዜ አንድ ሾፌር ተቆጣና «መሸነፉን ለምን ደበቅከን?» አለው። ልጁ በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ፤ ሰዎች ደግፈውት፣ ቃሬዛውን ትቶ፣ በእግሩ ሲወጣ ነበር። «ይኸው፤ ተነሳ ብያችሁ የለ?» አለ። ከዚያ ማታ ወዲህ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት መግቢያ ጠይቆት አያውቅም።

«ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ውሸት ነው» የሚሉን ነበሩ። የሬስሊንጉ ባለቤቶች ራሳቸውም በ1981 ዓ.ም በኒው ጀርሲ ሸንጎ ፊት ነገሩ ጨዋታ እንጂ እውነተኛ ውድድር አለመሆኑን አምነዋል። ግን ወገኖቼ፣ የተሰበረው ጥርስ እውነት ነበር፣ መውደቁም እውነት ነበር። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው በዛብህ እንደሚሞት እያወቅን ስንት ጊዜ ሬዲዮኑን ከበን ተቀመጥን? እኔ ተታልያለሁ ብዬ አላውቅም፤ በሙሉ ልቤ ወድጄዋለሁ፣ ዛሬም እወደዋለሁ።

አሁን ደግሞ ጀግናው አገር ቤት ገብቷል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በሰራት ደበበ የተባለ ወጣት «ጀምበር» የተባለ ጀግና በሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ድንገት ኃይል ሲሰጠው። ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ሁሉ ያን ልጅ ያውቀዋል። ከእሱም በኋላ «ሐዊ» መጣች፣ እናቷ የተጠለፈችባት ወጣት። ሴት ልጅ የቤተሰቧን ሰው ፍለጋ ስትወጣ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮማ ባሳተሙት ታሪክ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ለባርነት የተሸጠ ወንድሟን ፍለጋ ሄዳለች።

ባለፈው ክረምት ጭሮ ወርጄ ሳለ የእህቴ ልጅ «ሐዊ»ን በስልኳ ከፍታ ለጎረቤታችን አሮጊት ታነብላቸው ነበር፤ ሐዊ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነውና እማማ ገና ከስሙ ወደዷት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጁን ሸፍኗል፣ ሆጃው፣ የእኛ አገሩ ትኩስ መጠጥ፣ በምድጃው ላይ ይንተከተካል። ልጅቱ ሥዕሉን በጣቷ እያሳየች፣ ለጠላፊው ወፍራም ድምፅ፣ ለሐዊ ቀጭን ድምፅ እየሰጠች፣ ሳታውቀው ልክ እንደ አጎቴ ታነባለች። እማማ ግን ለበረራውም ለድብድቡም ብዙ አልተገረሙም፤ ልጅቱ ገጽ ባዞረች ቁጥር «ሃቲ ኢሲ ሆ?» ይላሉ፤ እናትየውስ? ማለታቸው ነው።

«ገና ነው፣ እማማ፤ ይቀጥላል» አለቻቸው።

እማማም ሊወርድ የነበረውን ሆጃ መልሰው እሳቱ ላይ ጣዱት፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ሰበሰቡ፣ ከዚያም ወደ ልጅቱ ጠጋ አሉ።