የ14 ዓመት ወሰን፦ የወጣቶች የካንሰር ሕክምና ከመካነ ሰላም ሲታይ

አማርኛችን በሕፃንነትና በዐዋቂነት መካከል ላለው ዕድሜ ስም አላጣም፤ ጎረምሳ፣ ኮረዳ ይላል። የሆስፒታሎቻችን አደረጃጀት ግን ይህን ዕድሜ ለይቶ አያውቀውም። በቆየው አሠራር እስከ 14 ዓመት ያለው ታማሚ ወደ ሕፃናት ክፍል፣ ከዚያ ያለፈው ወደ ዐዋቂዎች ክፍል ይገባል። ለወባ ወይም ለሳንባ ምች ወሰኑ የሚያስከትለው ጉዳት ጥቂት ነው። ለካንሰር ግን እንዲህ አይደለም።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከላላና ከለጋምቦ ጋር የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ የምትጋራ ስትሆን፣ አካባቢውን የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች ያዋስኑታል። ከዚህ የሚነሣ ታማሚ በለጋምቦ ደጋ አልፎ ደሴ ይደርሳል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ የሚሰጠው የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ከተጀመረ በኋላ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። በኋላ በዕቅድ የተያዙት ማዕከላት ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱም ወሎ ውስጥ አይገኝም።

የሕፃናቱ ካንሰር ግን ጠበቃ አግኝቷል። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተመሠረተ። የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ማኅበር ሆኖ፣ የካንሰርን ጉዳይ ከሐኪሞች ክፍል አውጥቶ በአደባባይ አስነገረ። ከ2010ዎቹ ወዲህም የሕፃናት የካንሰር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ መጣ። ከ2019 እስከ 2023 የተዘረጋው ብሔራዊ ዕቅድ በስሙ ሕፃናትንና አፍላ ወጣቶችን በአንድነት ጠርቷል። ስሙ መጠራቱ አንድ እርምጃ ነው፤ አልጋው ግን አሁንም በ14 ዓመት ይከፈላል።

ወሰኑ ለምን ሕይወት እንደሚያስከፍል ከፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 የሆኑ፣ በአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተያዙ 177 ወጣቶች እንደገቡበት ክፍል በሕፃናት ወይም በዐዋቂዎች ፕሮቶኮል ታክመው ነበር። በሽታው ሳያገረሽ በሕይወት ለአምስት ዓመት የመቆየት ዕድላቸው በሕፃናቱ ፕሮቶኮል 67 በመቶ፣ በዐዋቂዎቹ 41 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ ልዩነት በዕድሜ ወይም በበሽታው ዓይነት ማስረዳት አይቻልም። እርግጥ ነው፣ የሕፃናቱ ፕሮቶኮል ከባድ ስለሆነ ደም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የቅርብ ክትትል ይጠይቃል፤ እነዚህ በሌሉበት እንዳለ መገልበጥ አደጋ አለው። በዚህ ምክንያት ጥያቄው ለወረዳ ሐኪም ሳይሆን ለሪፈራል ሆስፒታሎች የሚቀርብ ነው፦ የ16 ዓመቱን ልጅ የሕፃናትና የዐዋቂዎች ሐኪሞች አብረው ይዩት።

በደጋው ግን ችግሩ ከሆስፒታሉ በር ቀድሞ ይጀምራል። ኦስቲዮሳርኮማ አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት አካባቢ የሚነሣ ካንሰር ነው። ልጁ በግ ሲጠብቅ ወይም ኳስ ሲጫወት መውደቁ ይታወሳል፤ ሕመሙም የወለምታ ይባልና ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ታሽቶ፣ ታስሮ፣ ሌሊት ሌሊት እያመመው ወራት ያልፋሉ። በወጌሻው መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እኛም ጤና ጣቢያ ላይ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተን የምንመልሰው ጥቂት አይደለም። የማይለቅ የጉልበት እብጠት ያለበት ወጣት ራጅ ሳይነሣ መሰናበት አይገባውም።

ሁለተኛው ስሕተት በስምም የተጋረደ ነው። ሕዝባችን ካንሰርንም ነቀርሳ፣ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ ይላል። የእጢ ቲቢ በአገራችን እጅግ የተለመደ በመሆኑ፣ አንገቱ ላይ እጢ ያበጠበት ወጣት ያለ ናሙና ምርመራ የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። ሆጅኪን ሊምፎማም በዚሁ ዕድሜ፣ በዚሁ ቦታ፣ ከትኩሳት፣ ከላብና ከክሳት ጋር ይመጣል። በሕክምና ከሚድኑ ካንሰሮች አንዱ ስለሆነ መዘግየቱ የበለጠ ያሳዝናል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ እጢው እያደገ የሚሄድን ወጣት እንደገና መመርመርና ናሙና መላክ ያስፈልጋል።

ስለ ኮረዳዋም አንድ ነገር እንበል። በአካባቢው በ16 ዓመቷ ያገባች ልጅ ከጎረቤት ዓይን ዐዋቂ ናት። ኬሞቴራፒው መውለድ መቻሏን ሊነካ እንደሚችል ግን ለእርሷ ሳይሆን ለባሏ ወይም ለአባቷ ይነገራል፣ አንዳንዴም ለማንም አይነገርም። የሚታከመው ተማሪም ስለ ብሔራዊ ፈተናው የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ የሪፈር መንገዱ መካከል ላይ ተቋርጦ ነበር። ሕንፃና መሣሪያ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የሪፈር ወረቀቱ ግን ዛሬም በእጃችን ነው። ከዕድሜው ጎን ሕመሙ የጀመረበትን ወር፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ የትምህርት ክፍሉን፣ የአስታማሚውን ስልክና አዲስ አበባ የሚያርፍበት ዘመድ እንዳለው እንጻፍበት። ልጁ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊትም ተቀባዩን ሐኪም በስልክ አግኝተን የትኛው ክፍል እንደሚቀበለው እንጠይቅ።