አልጀብራን ለእኩያ ማስተማር፦ ከሚሲሲፒ የመራጮች ምዝገባ እስከ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ

አልጀብራ ያልታወቀን መጠን በፊደል ወክሎ፣ ፊደሉ በሚገኝበት የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ማለትም በእኩልዮሽ አማካይነት መጠኑን ፈልጎ የማግኘት ስልት ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከአንድ የትምህርት ዓይነትነት አልፎ የመለያ በር ሆኖ ነበር። በስምንተኛ ወይም በዘጠነኛ ክፍል ይህን ትምህርት ያላገኘ ልጅ ለኮሌጅ ከሚያዘጋጀው የሂሳብ ቅደም ተከተል ስለሚወጣ፣ የሳይንስና የምህንድስና ሙያ ገና በልጅነቱ ይርቀው ነበር፤ በዚህ መንገድ ከበሩ ውጭ ከቀሩትም ብዙዎቹ የጥቁር አሜሪካውያንና የድሆች ልጆች ነበሩ። በሩን ለማስከፈት ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ ጥልቅ የሆነው ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ያደረገው ነው፤ ሥሩም ከሂሳብ ክፍል ይልቅ በመምረጥ መብት ትግል ውስጥ ይገኛል።

በ1935 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ሃርለም የተወለዱት የሂሳብ መምህር ሮበርት ሞዝስ በ1961 ወደ ሚሲሲፒ የሄዱት፣ በተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ሥር ጥቁር ዜጎችን በመራጭነት ለማስመዝገብ ነበር። የግዛቲቱ ሕግ ተመዝጋቢው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አንድ ክፍል አንብቦ መዝጋቢው በሚያረካው መልክ እንዲተረጉም ያስገድድ ነበር፤ ትምህርትን የነፈገው ሥርዓት ራሱ፣ አልተማራችሁም ብሎ ድምፅን ይነፍግ ነበር ማለት ነው። ሞዝስ ከአንጋፋዋ ታጋይ ከኤላ ቤከር የተማሩት፣ አደራጅ ሕዝቡን ወክሎ የሚናገር ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ እንዲናገርና እንዲጠይቅ መንገድ የሚጠርግ ሰው መሆኑን ነው። በኋላ በታንዛንያ እስከ 1976 ሂሳብ ሲያስተምሩ ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1982 በኬምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ ትልቋ ሴት ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቷ አልጀብራ ስለማይሰጥ፣ ሞዝስ በመምህሯ ግብዣ እርሷንና ጥቂት የክፍል ጓደኞቿን እዚያው ክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ያገኙት የማክአርተር ሽልማትም ሥራውን ለማስፋት አቅም ሰጣቸው። «የአልጀብራ ፕሮጀክት» የተባለው ጥረት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሞዝስ በክፍሉ ውስጥ ያስተዋሉት ችግር ልብ ሊባል ይገባዋል። ተማሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጥርን የሚያውቀው «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጎ ብቻ ነው፤ አልጀብራ ግን ቁጥር «ወዴት?» ለሚለውም መልስ እንዲሆን ይፈልጋል። ከሦስት ብርቱካን አምስት ማንሳት አይቻልምና፣ 3 ሲቀነስ 5 ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ማለትም ነጌቲቭ 2 ይሰጣል ሲባል፣ በብርቱካን መቁጠርን የለመደ ልጅ ሕጉን ከመሸምደድ በስተቀር የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ሞዝስ ተማሪዎቹን በቦስተን የምድር ውስጥ ባቡር ቀይ መስመር አሳፈሯቸው። አንድ ጣቢያ መነሻ ተብሎ ሲመረጥ፣ ሌላው ጣቢያ ሁሉ ከእርሱ በስንት ጣቢያና በየትኛው አቅጣጫ እንደሚርቅ ይነገራል፤ ሦስተኛው ጣቢያ ከአምስተኛው አንጻር የት ነው ቢባል፣ ሁለት ጣቢያ ወደ ኋላ መሆኑን ማንም ልጅ ያለ ሕግ ይመልሳል።

ጉዞው የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነበር። ከዚያ ተማሪዎቹ ጉዞውን በሥዕል ያሳዩታል፤ ቀጥሎ በቤትና በመንገድ በሚነጋገሩበት ቋንቋ ይጽፉታል፤ ከዚያም ያንኑ ንግግር መነሻ፣ መድረሻ፣ ርቀትና አቅጣጫ እያሉ ወደ ተስተካከለ ንግግር ያጠሩታል፤ በመጨረሻም ምልክቶችን ያበጁለታል። በሃርቫርድ ፍልስፍና ያጠኑት ሞዝስ ይህን ቅደም ተከተል የሰበሰቡት፣ የሂሳብ ቋንቋ የዕለት ተዕለት ንግግር በሥርዓት ታርሞ የሚገኝ ነው ከሚለው ከፈላስፋው ዊላርድ ኳይን አስተሳሰብ ነበር። የዘዴው ትልቁ ፍሬ ግን ከፍልስፍናው ይልቅ በሥልጣኑ ላይ ይታያል፤ ምልክቱ የመጣው ከተማሪው ከራሱ አፍ ስለሆነ፣ ተማሪው ለሌላው ተማሪ ለማስረዳት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም።

በ1996 ከዚህ ፕሮጀክት የወጡ ወጣቶች በሚሲሲፒ ጃክሰን «የወጣቶች ፕሮጀክት» የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት በዚህ መንፈስ ነው። የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች እየሠለጠኑ ታናናሾቻቸውን ሂሳብ ያስተምራሉ፤ ለሥራቸውም ክፍያ ያገኛሉ። በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለጀማሪው ፊደል ሲያስቆጥር ለኖረ ሕዝብ አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ ለድሃ ወጣት ማስተማርን ደመወዝ ያለው ሥራ ማድረጉ ግን ትልቅ እርምጃ ነበር።

በተመሳሳይ ዘመን፣ በ1994፣ በፔንሲልቬንያ የስዋርዝሞር ኮሌጅ ተማሪዎች «ዶክተር ማትን ጠይቅ» በተባለ አገልግሎት የታናናሽ ተማሪዎችን የሂሳብ ጥያቄዎች በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መመለስ ጀመሩ፤ ጥሩ ጥያቄና መልስም ሌሎች እንዲያነቡት በኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ ነበር። ደብዳቤው ተራ ጽሑፍ ብቻ ስለሚቀበል ክፍልፋይ እንኳ በአንድ መስመር መጻፍ ነበረበት፤ 1/(ሀ+2) ለማለት ፈልጎ ቅንፉን የዘነጋ ልጅ 1/ሀ+2 ሲጽፍ፣ የጠየቀው ፍጹም ሌላ ነገር ይሆናል። በዚህ ምክንያት መጻፉ ራሱ ተማሪውን ንግግሩን እንዲያጠራ ያስገድደው ነበር፤ ይህም የሞዝስን አራተኛ እርከን የሚመስል ጠቃሚ ልምምድ ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ለመጻፍ ተማሪው መጀመሪያ ኮምፒውተር ማግኘትና የት ላይ እንደተደናቀፈ ማወቅ ነበረበት፤ ከበሩ ውጭ የቀሩት ልጆች ደግሞ ሁለቱም ይጎድሏቸው ነበርና፣ የጃክሰን ወጣቶች ታናናሾቻቸው ባሉበት ድረስ በአካል እየሄዱ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።