የወለጋ ቀይ አፈርና የእግር ዝሆኔ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነቀምት የደረሰ መንገደኛ ቀድሞ የሚያስተውለው የአፈሩን መቅላት ነው፡፡ ከዚያም ወደ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ጉሊሶና ደምቢ ዶሎ ሲያቀና ቀይ አፈር፣ ብዙ ዝናብና ቡና አብረውት ይዘልቃሉ፡፡ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚሸጠው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምት ነው፡፡ ይኸው አፈር ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በባዶ እግር ለሚያርሱበት ሰዎች አንድ በሽታም ያመጣል፡፡ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ሰዎች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፡፡ ስሙ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው፡፡

በዝሆኔ ስም የሚጠሩ በሽታዎች ሁለት መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል፡፡ አንደኛው በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚገኘውም ሞቃታማ በሆኑ ቆላማ ቦታዎች ነው፡፡ ሁለተኛው ትልም፣ ትንኝም፣ ተሕዋስም የሌለበት፣ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፡፡ የወለጋ ደጋማ ክፍል ወደ ጋምቤላና ወደ ቤኒሻንጉል ቆላ ስለሚወርድ፣ በአካባቢው ለሚሠራ ሐኪም ሁለቱን መለየት የዘወትር ሥራ ነው፡፡ በትል የሚመጣው እብጠት ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽትና ከጭን አካባቢ የሚነሳ ሲሆን የብልት እብጠትንም ያስከትላል፡፡ ፖዶኮኒዮሲስ ግን ከእግር ጣቶችና ከመርገጫ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት በላይ የሚያልፈውም ከስንት አንዴ ነው፡፡ ሁለቱንም እግሮች ቢይዝም እብጠታቸው እኩል አይሆንም፡፡

ልዩነቱ በሳይንስ የታወቀው በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ ጥናት ለቆጠራ የመረጠው ቦታ ገበያ ነበር፡፡ ተመራማሪው በ56 ገበያዎች እየተገኙ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን በመቁጠር ከገበያተኛው በአማካይ 2.7 በመቶ ያህሉ ታማሚ እንደነበሩ አገኙ፡፡ ዘዴው ዛሬ ላለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ብዙ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፡፡ ቢሆንም መንገድና የሕዝብ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ሕዝብ በየሳምንቱ በአንድ ቦታ የሚሰበሰብበትን አጋጣሚ መጠቀም ብልህነት ነበር፡፡

ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከካርታ ጋር አያያዙት፡፡ ታማሚዎች የበዙት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚገኙበት ቦታ ሆኖ ተገኘ፡፡ ፕራይስና ባልደረቦቻቸው ከታማሚዎች የተወሰዱ የንፍፊት ናሙናዎችን ሲመረምሩም በውስጣቸው ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶችን አገኙ፡፡ ቅንጣቶቹ በተሰነጣጠቀ ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ በጊዜ ብዛት እየጠበቡና እየተደፈኑ ሲሄዱ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግር ያብጣል፡፡ የቅርብ ዓመታት የአፈር ጥናቶች ደግሞ ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ከበሽታው ስርጭት ጋር እንደሚዛመዱ አሳይተዋል፡፡

ስለ ወለጋ በቀጥታ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የጉሊሶ ወረዳ ጥናት ነው፡፡ በዚህ የምዕራብ ወለጋ ወረዳ የበሽታው ስርጭት 2.8 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ አኃዙ ትንሽ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከ100 ሰዎች ወደ ሦስት የሚጠጉት ማለት ሲሆን፣ አብዛኞቹም በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው፡፡ ጫማ የማያደርጉበት ዋና ምክንያት የገንዘብ እጥረት መሆኑንም ጥናቱ ያመለክታል፡፡ ይህ ነጥብ ችግሩን በሙሉ «ባለማወቅ» ለሚያሳብቡ መልስ ይሰጣል፡፡

ከጉሊሶ ወደ አገር አቀፉ ሥዕል ስንሄድ፣ ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች በሚገኙ 1,315 መንደሮች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን መርምረዋል፡፡ በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ በወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው አለባቸው፤ 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ ለበሽታው ምቹ በሆነ አካባቢ ይኖር ነበር፡፡ ይህም በወቅቱ ከአገሪቱ ሕዝብ 43.8 በመቶው ነው፡፡

ታዲያ አንድ ዓይነት አፈር እየረገጡ አንዱ ታሞ ጎረቤቱ ጤነኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሰጡት ጥናቶች የተካሄዱት በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ ነው (የስሞቹ መመሳሰል አንባቢን እንዳያሳስት፤ ወላይታና ወለጋ የተለያዩ ናቸው)፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ግኝት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶው በዘር ውርስ የሚገለጽ ነው፡፡ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉም ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን የዘር ቅንጣት አነጻጽረው፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩ ዘረ መሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፡፡ ይህ ማለት በሽታው አፈሩን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚቆጣ የሰውነት ምላሽ ነው፡፡

ይህ ግኝት በጥንቃቄ ካልተነገረ ጉዳት ያመጣል፡፡ «በዘር ነው» የሚለው አባባል ጥንትም በየመንደሩ ነበር፤ በዚሁ ምክንያት የታማሚ ቤተሰብ ልጆች ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል፡፡ አሁን ደግሞ ሳይንስ አረጋገጠልን የሚል ሊመጣ ነው፡፡ በሌላ በኩል «ከደም የመጣ ነገር በጫማ አይመለስም» ብሎ ልጁን በባዶ እግር የሚተው ወላጅም አይጠፋም፡፡ ግኝቱ የሚለው ከሁለቱም ይለያል፡፡ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ ተጋላጭ የሆነ ሰው እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተገናኘ አይታመምም፡፡ ስለዚህ ጫማው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በሽታው ላለበት ቤት ልጆች ነው፡፡

የኢኮኖሚው ጥናትም የወላይታ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስሌት አንድ ታማሚ በበሽታው ምክንያት በዓመት 143 የአሜሪካ ዶላር ቀጥተኛ ወጪ ያወጣ ነበር፤ ከሥራ ቀናቱም 45 በመቶውን ያጣ ነበር፡፡ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት በዚያ ዞን በአጠቃላይ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይባክን ነበር ማለት ነው፡፡ የወላይታን ቁጥር በቀጥታ ወለጋ ላይ መለጠፍ ግን ትክክል አይደለም፤ የእርሻው ዓይነት፣ የጉልበት ዋጋውና የቤተሰቡ ገቢ ይለያያሉ፡፡ በእኔ ግምት በቡና አገር ከዓመታዊ ድምሩ ይልቅ ዋናው ጥያቄ ቀኖቹ የሚጠፉት መቼ ነው የሚለው ነው፡፡ ታማሚውን በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ማቃጠል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት በለቀማ ሰሞን ከመጣ፣ ቤተሰቡ የሚያጣው የዓመቱን ገንዘብ ነው፡፡

የተማረውን ክፍል በቀጥታ የሚመለከት አንድ ጥናትም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በዚህ ጥናት በወላይታ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች 98 በመቶው ስለ በሽታው መነሻ ቢያንስ አንድ ትልቅ የተሳሳተ ግንዛቤ ነበራቸው፡፡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በሕክምና ወቅት እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር፡፡ ታማሚው እግሩን ሸፍኖ፣ ከሰው ርቆ ቢቀመጥ ምን ይገርማል?

ሕክምናው ከበሽታው መልክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው፡፡ እግርን በየቀኑ በሳሙናና ጥቂት ጠብታ በረኪና በተጨመረበት ውኃ መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግ ናቸው፡፡ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ እንክብካቤውን ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመዋል፡፡ ቅናሹ 19 በመቶ ነው፡፡ ለሳይንቲስቶቹ ግልጽ ውጤት ነው፡፡ ይሁን እንጂ ተንከባክበውትም በዓመት 19 ጊዜ የሚታመም ሰው መኖሩ፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ማከም የመከላከልን ያህል እንደማይሆን ያሳያል፡፡ በተጨማሪም እንክብካቤው በየቀኑ ውኃና ሳሙና ይጠይቃል፤ በምዕራብ ኦሮሚያ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ባለው ግጭት ለተፈናቀለ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

ጫማ በሽታውን እንደሚያጠፋ ከሌላ አገር ማየት ይቻላል፡፡ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ፖዶኮኒዮሲስ በአንድ ወቅት የሚታወቅ በሽታ ነበር፤ ጫማ ማድረግ ሲለመድ ጠፍቷል፡፡ አፈሩ ግን ዛሬም እዚያው ነው፡፡

ለወላጅ፣ ለመምህርና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚጠቅመው የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ማወቅ ነው፡፡ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ሲሆን፣ የእግር ጣቶችና የላይኛው መርገጫ ቆዳ ያሳክካል፤ ማታ እግር ያቃጥላል፤ ከሥራ ቀን በኋላ ጣቶች አካባቢ የሚታየው እብጠት አድሮ ጠዋት ይጎድላል፡፡ በዚህ ደረጃ ከአፈሩ የተለየና በየቀኑ የታጠበ እግር ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ይችላል፡፡