እርማቱ የማን ነው? ከቅኔ ቤት እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ባለፈው መኸር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የጻፈውን ድርሰት አሳየኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አቃናሁለት፤ ድርሰቱም አማረ። በሳምንቱ ይዞት የመጣው ሁለተኛ ድርሰት ግን ያንኑ ስሕተት ይደግም ነበር። ጊዜዬን ያዋልኩት ለወረቀቱ እንጂ ለጸሐፊው አልነበረም። ከእኔ በፊት ይህን ችግር ያሰቡበት ቢያንስ ሁለት ትውፊቶች አሉ።

አንደኛው የቅኔ ቤት ነው። በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ኋላም ለመምህሩ ይነግራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይዘልቃል። መምህሩ ሰዋስዉን፣ የዜማውን ልክና ምስጢሩን መርምሮ እዚያው ያርማል። የታረመው ቅኔ ግን በማግስቱ አይደገምም፤ ተማሪው አዲስ መቁጠር አለበት። ስለዚህ እርማቱ ዋጋ የሚኖረው በተማሪው አእምሮ አድሮ ለነገው ቅኔ ሲተርፍ ነው። የመምህሩ ጊዜ ለሁሉ ስለማይበቃም ከፍ ያሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስነግራሉ፤ ሌላውን ማረምም የትምህርቱ ክፍል ይሆናል።

ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጋዜጠኛና መምህር የነበረው ዶናልድ መሪ ጽሕፈት እንደ ውጤት ሳይሆን እንደ ሂደት ይማር ዘንድ ተከራከረ። በ1974 በበርክሌይ መምህራን ራሳቸው እየጻፉ ረቂቃቸውን እርስ በርስ የሚያነቡበት ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በ1978ም ለአሌክሳንድሪያ ቅርብ በሆነው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሰሜን ቨርጂኒያው ተቋቋመ። በዚህ ትውፊት ረቂቁ አይተውም፤ ተማሪው አንባቢ የጠየቀውን ሰምቶ ያንኑ ደግሞ ይጽፋል።

መንገዳቸው ይለያያል፤ የሚስማሙት ቀጣዩን ሥራ ለተማሪው በመተዋቸው ነው። በአገር ቤት ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ ብዙ ተከራክረናል። ተማሪ የጻፈውን ማን፣ በምን ጊዜ ያነብለታል የሚለው ግን የበጀት ጥያቄ ሆኖ አልቀረበም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሁሉን ማረም ካልቻለ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲነባበቡ ማሠልጠን በቅኔ ቤት የተፈተነ፣ ወጪውም የሚቻል አማራጭ ነው።

እኔም አሁን ብዕሬን አስቀምጬ ልጁን፣ «እዚህ ላይ ምን ማለትህ ነው?» እላለሁ። መልሱን ራሱ ይጽፈዋል። ሥራው ይዘገያል፤ ሦስተኛው ድርሰት ግን ከሁለተኛው ተሽሎ መጥቷል።