መብራቱ የማንን ፊት ያውቃል?

ጉርድ ፎቶ ላይ ያማረበት ሰው አይተን አናውቅም። እስኪ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ነው የምትመስሉት። ጥፋቱ የመብራቱ ነው። አንድ ፍላሽ ከፊት ለፊት ቦግ ሲል አፍንጫን ከጉንጭ፣ አገጭን ከአንገት የሚለየውን ጥላ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ጠፍጣፋ ፊት ነው። ያን ጥላ የት እናስቀምጠው፣ ምን ቀለምስ እንስጠው የሚለው ጥያቄ የስቱዲዮ ፎቶ ግማሽ ታሪክ ነው ብንል አልተጋነነም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፍ በ1839 ይፋ ከሆነ በኋላ ለብዙ አሠርት ዓመታት ፎቶ ቤት ማለት ጣሪያው መስተዋት የሆነ ቤት ነበር። ፀሐይ ከሌለች ሥራ የለም። ፓሪስ ውስጥ ናዳር የሚባል ፎቶ አንሺ በ1860 አካባቢ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ስቱዲዮው ውስጥ አስገባና ሞከረ። ብርሃኑ ግን ጨካኝ ሆነበት፤ የፊቱ አንዱ ወገን ኖራ፣ ሌላው ከሰል። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ጥላው የሚመልሱ ነጫጭ ጨርቆች አቆመ። ሁለተኛው መብራት ተወለደ ማለት ይቻላል፣ ምንም እንኳ ጨርቅ ቢሆንም። ከዚያ በኋላ መብራት እየበዛ ሄደ። በ1930ዎቹ ሆሊውድ ላይ ጆርጅ ሁሬል እነጆአን ክራውፎርድን ሲያነሳ አንዱን መብራት ለፊት፣ አንዱን ለፀጉር፣ አንዱን ለጀርባው ግድግዳ እየመደበ ነበር። ሁሉም ግን ነጭ ብርሃን፣ ፊልሙም ጥቁርና ነጭ።

ቀለሙ የመጣው ከቲያትር ቤት ነው። ጣሊያናዊው የሥነ ሕንፃ ሰው ሴባስቲያኖ ሰርሊዮ በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ባለቀለም ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ፊት ለፊት አቁሞ ከኋላው መብራት ማብራት እንዴት እንደሚቻል ጽፏል። በኋላ ጠርሙሱን ቀለም የተነከረ ስስ የጄላቲን ወረቀት ተካው። ፎቶ አንሺዎች እስከ ዛሬ “ጄል” የሚሉት ከዚህ ነው፣ አሁን የሚሠራው ከፕላስቲክ ቢሆንም። ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። ፊልሙ ላይ የተቀባውም እሱው ነው። በነገራችን ላይ፣ ፎቶ ማንሳት የፍስክ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ብዙ መብራትና ቀለም ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ግን በደንብ ያሳየው አርቲስት አይደለም፣ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 ለንደን ውስጥ አንድ ባለቀለም ጥብጣብ ሦስት ጊዜ አስነሳ፤ በቀይ፣ በአረንጓዴ እና በሰማያዊ ማጣሪያ። ከዚያ ሦስቱን ምስሎች በእነዚያው ቀለሞች ግድግዳ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረባቸው። ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ የብርሃን ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ሲደባለቅ አይጠቁርም፣ እየነጣ ይሄዳል። ፊታችሁን ከቀኝ በቀይ፣ ከግራ በሰማያዊ ብታበሩት መሃሉ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ አፍንጫችሁ ቀዩን የከለለበት ቦታ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ጥላው ጥቁር መሆኑ ይቀራል።

ይህን ወደ ፎቶ ቤት ይዛ ከገቡት ቀደምቶች አንዷ ለንደናዊቷ ማዳም ኢቮንድ ናት። እኛ በጣም የምንወዳት ሴት ናት፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት ወገን ነበረች። የዘመኗ ብዙ ፎቶ አንሺ ቀለምን እንደ ርካሽ ነገር ሲያይ እሷ ቪቬክስ በተባለው የቀለም ሕትመት ዘዴ ባለቀለም ማጣሪያ እየተጠቀመች የከፍተኛው ኅብረተሰብ እመቤቶችን እንደ ግሪክ አማልክት አልብሳ አነሳች። ዓመቱ 1935 ነበር። ሜዱሳ ሆና የተነሳችው ሴት ፀጉሯ ላይ የጎማ እባብ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ፣ ቪቬክስ ተዘጋ፣ ኢቮንድም ወደ ጥቁርና ነጭ ተመለሰች።

እስከዚህ ድረስ የጠራናቸው ፊቶች ሁሉ ነጭ መሆናቸውን ልብ ብላችኋል? እኛም ልብ እንድትሉ ብለን ነው። በ1954 ኮዳክ ፊልም ሲሸጥ የማጠቢያውን ዋጋ አብሮ መቁረጡን እንዲያቆም በአሜሪካ ተገደደ። ፊልሙን ሌሎችም ማጠብ ሲጀምሩ ቀለሙ ልክ መውጣቱን የሚያረጋግጡበት ናሙና ፎቶ ተላከላቸው። ናሙናው ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ስሟም “ሸርሊ” ሆኖ ቀረ፣ ሴቶቹ ቢቀያየሩም። የሸርሊ ፊት ካማረ ቀለሙ ልክ ነው። እኛ ቤት ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን ስንት የምንለያየውን ካርዱ አያውቅም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ የድርጅቱን የቀድሞ ሠራተኞች ጠይቃ እንዳገኘችው፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ቸኮሌቱ ከእኛ ቀድሞ ተሰማ። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው የተነሱበት ናሙና የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

ለዚህ ነው ባለቀለም መብራት ለእኛ ከጌጥ በላይ የሆነው። ቆዳ ብርሃንን በሁለት መንገድ ይመልሳል። ወደ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው የቆዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ከላይ ነጥሮ የሚመለሰው ግን የመብራቱን ቀለም እንዳለ ይዞ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ስለሚቀንስ ሁለተኛው ጎልቶ ይታያል። ሰማያዊ ጄል ከጎን ስትለቁበት የጉንጭ አጥንቱ፣ ግንባሩ፣ የከንፈሩ ጠርዝ በሰማያዊ መስመር ይሳላል። በጣም የነጣ ቆዳ ላይ ያው መብራት ትንሽ ከበዛ ቀለሙ ታጥቦ ይጠፋል። ዘዴው ለማን ፊት ተሠርቶ ማን ላይ እንዳማረበት እዩት እንግዲህ።

ታዲያ ፎቶ ቤት ገብታችሁ “ቀለም ያለው መብራት አድርግልኝ” ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ዕወቁ። ቀይ መብራት ብጉርን ይደብቃል፣ ምክንያቱም ቆዳም ብጉርም ቀዩን እኩል ይመልሳሉ፤ አረንጓዴ ግን አንዲት ነጥብ አያስቀርም፣ ሁሉን ያወጣል። ሁለተኛ፣ ባለቀለሙ መብራት ከጎን እያለ ፍላሹ ከፊት ለፊት ቦግ ካለ ቀለሙ ሁሉ ይታጠባል። ፎቶ አንሺውን በትህትና “ጋሼ፣ የፊቱን አጥፋልኝ” በሉት። ይገረማል፣ ግን ያጠፋዋል።