«ኃላፊነቱ የተወሰነ»፦ የማን ኃላፊነት?

በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መነሻነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሆነችው ጋምቤላ ለንግድ ቃላት እንግዳ አይደለችም። ዛሬ የጋምቤላ ባለሱቅ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ሲያቋቁም በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የጸናውን ስም ይይዛል። የሕጉን ረቂቅ ኤስካራና ዦፍሬ ያዘጋጁት በፈረንሳይኛ ነበር።

በ«ኃላፊነቱ» ላይ ያለው ባለቤት አመልካች ቅጥያ ማኅበሩን ይጠቁማል። ሕጉ የሚወስነው ግን የአባላቱን ኃላፊነት ነው፤ ማኅበሩ በሀብቱ ሁሉ ይጠየቃል። ጉድለቱ ከፈረንሳይኛው ስያሜ የተወረሰ ሲሆን የአማርኛው ቅጥያ አጠበቀው። (የ2013ቱ ሕግ ደግሞ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል፤ ከ«ኀበረ» የወጣ ስም ለብቸኛ ሰው!)

ወደ አኝዋክኛ ወይም ወደ ኑዌርኛ ቃል በቃል ከተተረጐመ አበዳሪው ማኅበሩ የዕዳውን ከፊል ብቻ የሚከፍል፣ ባለሱቁም መኖሪያ ቤቱ የሚያዝበት ሊመስለው ይችላል። ተርጓሚው «አባላቱ በመዋጯቸው ልክ ብቻ የሚጠየቁበት ማኅበር» ከሚለው ፍች ቢነሣ ይሻላል።